በንስሐ የተነገረ ቁጥር

እኔ መምሬ ኃይለ ማርያም፣ በኮሶዬ ንስሐ አባት ሆኜ ያልሰማሁት ጉድ የለም። የገደለም፣ ድንበር የገፋም፣ በጾም ቅቤ የላሰም ተንበርክኮ ተናዞልኛል። ቁጥር የተናዘዘልኝ ግን አያ አድማሴ ብቻ ነው። በዚያ ቁጥር ምክንያት ጎንደር ድረስ ያን ሁሉ ቁልቁለት መውረዴን ሳስበው ጉልበቴን ዛሬም ያመኛል።

ነገሩ የተጀመረው በፈረስ ነው። ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥት ፈረስ ሲሰበስብ ዳማ የሚባለውን የአያ አድማሴን ፈረስ ወሰደበት። መግዛቱን ገዛው፤ ግን እምቢ የሚባል ገዢ አልነበረም። ዳማ እናቱ ሞታበት በአያ አድማሴ እጅ የላም ወተት እየጠጣ ያደገ ነው። ሰውዬው ልጅ የለውም። ፈረሱ ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ ዳር ካለው የመንግሥት ጋጣ ሲገባ አያ አድማሴ እህል አልቀምስ አለ። ቆይቶ ብልሃት መጣለትና ለጋጣው ድርቆሽ ለማቅረብ ተዋዋለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአህያ ጭኖ ይወርዳል፤ የመጀመሪያዋን እፍኝ ለዳማ በገዛ እጁ ያጎርሳል፤ ደስ ብሎት ይመለሳል።

ከዚያ አዲስ ሕግ መጣ። ጎንደር ፒያሳ ካለ አንድ ቢሮ የመጣ አቶ ጌታው የሚባል ጸሐፊ፣ ክራባቱ አንገቱን አንቆ የያዘው ወጣት፣ አቅራቢዎቹን ሰብስቦ ተናገረ።

«አድማሴ የሚባል ሦስት ሰው አለ። መንግሥት የቱን ከየቱ ይለያል? ስለዚህ ለያንዳንዳችሁ የአቅራቢ ቁጥር ይሰጣችኋል። ከእንግዲህ መንግሥት የሚያውቃችሁ በስማችሁ ሳይሆን በዚህ ነው። አንዱ በሌላው ቁጥር እንዳይጠቀም፣ አደራ!»

አያ አድማሴ ነገሩ ቶሎ ገባው፤ ጥፋቱም እሱ ነው። በእኛ አገር ሰው ሁለት ስም አለው። አንደኛው ጎረቤት የሚጠራው ነው። ሁለተኛው የክርስትና ስሙ ነው፤ እሱን ከንስሐ አባቱና ከቅርብ ሰዎቹ በቀር ማንም እንዲሰማው አይፈልግም፤ ጠላት ከሰማው ለጠንቋይ ሰጥቶ ያስደግምበታል። መንግሥት የሚያውቀው በቁጥሩ ከሆነ እንግዲህ፣ ቁጥሩ መንግሥት ያወጣለት የክርስትና ስም ነው። ከጎንደር እንደተመለሰ እቤቴ መጥቶ ተንበረከከና በጆሮዬ «አሥራ ሰባት» አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አልኩት።

ቅዳሜ ጋጣው በር ሲደርስ ዘበኛው ፋንታሁን ቁጥሩን ቢጠይቀው አልናገርም ብሎ ከነድርቆሹ ተመለሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔን ለምኖ ይዞኝ ወረደ። አቶ ጌታውም ተጠርቶ መጣ።

«የሰጠሁህን ቁጥር ተናገር!»

«ምነው ጌታዬ፣ የሰጡኝ እርስዎ አይደሉ? ረሱት?»

«አልረሳሁትም። እኔ አውቀዋለሁ። አንተ ማወቅህን ነው ማወቅ የምፈልገው!»

«ማወቄንማ አባቴ ያውቃሉ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «አዎ አውቃለሁ፤ ግን በንስሐ የሰማሁትን አላወጣም» አልኩ።

«አባ፣ ቁጥር እኮ ኃጢአት አይደለም!»

«እሱን ያወጣኸው አንተ ታውቃለህ» አልኩት። ጉልበቴ እየጠዘጠዘኝ ስለነበር ትሕትና አልነበረኝም።

አያ አድማሴ ለአቶ ጌታው ብቻ በሹክሹክታ ልንገር ብሎ ነበር፤ ሕጉ ግን ለዘበኛ፣ ጮክ ብሎ ይላል። አቶ ጌታው የገዛ ሕጉን ማፍረስ አልወደደም።

ይህን ጊዜ ዳማ ከውስጥ አሽካካ። አያ አድማሴ ወደ በሩ ሮጠ።

«አሥራ ሰባት!» ብሎ ጮኸ። «አሥራ ሰባት ነኝ! ክፈቱልኝ!»

ተከፈተለት። ፈረሱን አንገቱን አቅፎ ሲያለቅስ አየሁት፤ እኔም አለቀስኩ። ከበሩ ውጪ ደግሞ ውል ያላገኙ ድርቆሽ ሻጮች ቆመው ነበር፤ ጆሮ ነበራቸው።

በሌላው ቅዳሜ አብሬው ወረድኩ። አያ አድማሴ አሁን ሳያፍር ቁጥሩን ተናገረ።

«አሥራ ሰባትማ ጠዋት ገብቷል» አለ ፋንታሁን።

«እንዴት ይገባል እኔ እዚህ ቆሜ? ፊቴን አታውቀውም?»

«አውቀዋለሁ እንጂ፣ አያ አድማሴ! ግን የታዘዝኩት ቁጥር እንድሰማ ነው፤ ፊት እንዳይ አይደለም። ሰውዬው ቁጥሩን ሸጋ አድርጎ ተናገረ፣ ድርቆሹን አስረከበ። ሌላ አሥራ ሰባትም መጥቶ ነበር፤ እሱን ግን መለስኩት።»

አቶ ጌታውን አስጠራን። መስቀሌን አንስቼ «አሥራ ሰባት ይህ ሰው ነው!» አልኩ።

«የእርስዎ ቁጥር ስንት ነው፣ አባ?»

«እኔ ምን ቁጥር አለኝ?»

«እንግዲያው ምስክርነትዎን መቀበል አልችልም» አለና ወደ አያ አድማሴ ዞረ። «ሌላ ቁጥር እንዳልሰጥህ አሥራ ሰባት አለህ። እንዳላስገባህ አሥራ ሰባት ገብቷል።»

በንዴት ጦፌ ልገዝተው ስል አያ አድማሴ እጄን ያዘኝ። ከዚያ ፋንታሁንን ጠጋ ብሎ ጠየቀው።

«ዳማ በላ?»

«በላ። አሥራ ሰባት ሁልጊዜ ያጎርሰው የለም? ሰውዬውን አጉርሰው አልኩት፤ አጎረሰው።»

«እምቢ ሳይል?»

ፋንታሁን ውሸት አያውቅም። «እምቢ አላለም። ሲጨርስ እጁንም ላሰው።»

አያ አድማሴ የገዛ መዳፉን ተመለከተ። ከዚያ አህያዋን ከነጭነቷ ወደ ኮሶዬ አዞረ።