በድካም ሰዓት የተለካች እርምጃ

ባልሠሩት በጎ ሥራ መመስገን ከስርቆት ይከፋል፤ የተሰረቀ ዕቃ ተፈልጎ ይገኛል፣ የተሰረቀ ምስጋና ግን ካልተናዘዙ አይመለስም።

በዳንስ አስተማሪዋ ሐዘን ሦስተኛ ቀን የሕፃኗ የላባ እናት የሟቿን ወንድም እጅ ይዛ አልለቅም አለች።

«እህትዎ ልጄን በዳንስ አቆመችልኝ። የሆስፒታሉ አስተዳደር እስኪዘጋው ድረስ የዳንስ አዳራሹን ያስፈቀዱላት እርስዎ ነዎትና ዕድሜ ይስጥዎ።»

እርሱ በሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ኃላፊ ነው። ታላቅ እህቱ ደግሞ ጡንቻቸው ለሚዝል ሕፃናት ዳንስ ታስተምር ነበር፤ ልጅቱን ከቅለቷ የተነሣ «ላባ» ያለቻትም እርሷ ናት።

«እትዬ ስወድቅ ታጨበጭብልኝ ነበር» አለች ላባ ከወንበሯ። «ከሁሉም የእኔ አወዳደቅ ያምራል።»

«ታድለሽ» አሉ ጎረቤቱ ሽማግሌ። «እኛ ስንወድቅ የሚስቅብን እንጂ የሚያጨበጭብልን አላገኘንም።»

ለቀስተኛው ፈገግ አለ። ወንድምየው ብቻ አንገቱን ደፋ።

እህቱ ሕፃናቱን ሳይደክሙ ታሳርፍ ነበር፤ የዛለ ጡንቻ በግድ ሲሠራ ይጎዳልና። ክንድን በዝግታ ማንሣት፣ ወገብን ማዞር፣ ተጠንቅቆ ወደ ወለሉ መውረድ፤ ዳንሷ ይኸው ነበር። ወላጆች ከእርሱ ክፍል ይልቅ የእርሷን ሲያወድሱ ቅናት ገባው። ዳንሱ መጥቀም አለመጥቀሙን ለአስተዳደሩ ሊዘግብ የላባን እርምጃ ለመለካት በተነሣ ጊዜ፣ ከትምህርት ቤትና ከዳንስ በኋላ፣ በዛለችበት ሰዓት ለካት።

«አንተ ልጅ፣ ጠዋት ለካት እንጂ። አሁን የምትለካው ድካሟን ነው» አለችው እህቱ።

«ሥራዬን አታስተምሪኝ።»

«ዳንሱ ፋይዳ የለውም» ብሎ ዘገባ ጻፈ፤ አዳራሹ ተዘጋ። እርሷ አልተጣላችውም። የሳሎኗን ዕቃ ወደ ግድግዳው ገፍታ፣ ድንገተኛ ሕመም እስኪወስዳት ድረስ ሕፃናቱን እዚያው አስተማረች።

አሁን በዚያው ሳሎን እጁን ከእናትየዋ መዳፍ አላቀቀ።

«ምስጋናው የእኔ አይደለም። አዳራሹን ያስፈቀድኩ ሳልሆን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ልጅሽን በደከመች ሰዓት ለክቼ።»

እናትየዋ ቀና ብላ ጠየቀችው።

«እሷ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

እናትየዋ እንባዋን ጠረገች። «እያወቀች፣ ‹ወንድሜ ነው ያስፈቀደልኝ› ትለን ነበር። አንድ ቀን ስምዎን በክፉ አላነሣችም።»

በማግሥቱ ጥፋቱን ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አመለከተ። ዘገባው ተሰረዘ፣ አዳራሹም ተከፈተ። እርሱ ከኃላፊነቱ ተሽሮ፣ ደመወዙ ተቀንሶ፣ በዚያው አዳራሽ ለአዲሷ አስተማሪ ረዳት ሆኖ ተመደበ፤ ቅጣቱንም በምስጋና ተቀበለ። በመጀመሪያው ጠዋት ላባ ጥቂት ተራምዳ «ይበቃኛል» አለችው። ሰዓቱን ሳያይ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።