የመመለሻው ንፋስ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጨርቅ ከዚህ ጫፍም ተለካ ከዚያ፣ ርዝመቱ ያው ነው። ስለዚህ የበረራ አስተናጋጅ የሆነው ባሌ፣ «ስንሄድ ስድስት ሰዓት፣ ስንመለስ ስምንት ሰዓት ይፈጅብናል» ሲለኝ ጆሮዬ ቆመ።

«መንገዱ ሲመለስ ይረዝማል?»

«ርቀቱማ ያው አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ንፋሱ ነው እንጂ፤ ስንመለስ ፊት ለፊት ይገጥመናል።»

ብዙ ሰበብ ሰምቻለሁ፤ በንፋስ ያመካኘ ባል ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ኪሱን ፈተሽኩ፣ ኮሌታውን አሸተትኩ። ከዚያ ወዲህ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ በር ላይ እይዘዋለሁ። ስንት ሰዓት ተነሳችሁ? ከማን ጋር ነበርክ? ይሄ ክር የማን ነው? ክሩ የራሴ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም አላሳመነኝም።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ አብራሪ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡ። እግራቸው ስር ተንበርክኬ መርፌ እየሰካሁ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ንፋስ አውሮፕላን ያዘገያል?»

«በብስክሌት ስትሄጂ ንፋስ ፊት ለፊት ገጥሞሽ አያውቅም? እንደዚያው ነው ልጄ። አንዳንዴ ሁለት ሰዓትም ይበላል።»

ክው አልኩ። ምስኪኑን እንደ ሌባ ስፈትሸው የኖርኩት ለካ በእውነተኛ ንፋስ ነው።

በሚመለስበት ቀን ልቀበለውና ይቅርታ ልጠይቀው ሱቄን ዘግቼ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ። መቀመጥ አላስችል ብሎኝ በጣም ቀድሜ ነበር የደረስኩት። ሰሌዳው ላይ ግን የሱ በረራ «አርፏል» ይላል። እንደ መሄጃው ስድስት ሰዓት ብቻ በርሮ፣ ምንም ሳያግደው ገብቷል።

ደሜ ፈላ። ይሄኔ ከአንዷ ጋር ነው ብዬ እሳት ጎርሼ ፍለጋ ተነሳሁ። ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ መውጫው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ጫማውን አውልቆ እግሩን ሻንጣው ላይ ሰቅሏል። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሻይ ሲያድል የዋለ ሰው ሻይ ቀርቦለት ቀስ እያለ ይጠጣል። ሴትዮዋ እስክትመጣ ምሰሶ ጀርባ ቆሜ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ስልኩን እንኳ አላወጣም። ፊቱ እንዲህ ተፈትቶ ቤታችን ውስጥ ካየሁት ቆይቷል። በመጨረሻ ሰዓቱን አየና በረጅሙ ተንፍሶ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

ሴት ብትኖር ይሻለኝ ነበር። ለሴትማ የምለው አላጣም።

ቀድሜው ቤት ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ መጣ። ሻንጣውን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ጥያቄዬን ጠበቀ። በመጠየቅ ፈንታ እጄን ለሻንጣው ስዘረጋ ራሱ ጀመረ።

«ዛሬም ንፋሱ አላራምድ አለን።»

«ሰማሁ» አልኩት ሻንጣውን እየተቀበልኩት። «ከዚሁ ከቤት ነው አሉ የሚነሳው።»