በዘጠኝ ሰዓት የተጠጣ ውሃ

የይታየሽ ሙያ በወረቀት ላይ የጥርስ ሕክምና ነው፤ የምትሠራው ግን ነቀላ ነው። ከሰቆጣ ዙሪያ የሚመጣ ሰው ጥርሱ ሲጠዘጥዘው ቅርንፉድ እየነከሰ፣ ጉንጩን በነጠላ ጠፍሮ ይከርምና መላ ሲያጣ ነው ወደ እሷ ብቅ የሚለው። ያን ጊዜ የሚሞላ ጥርስ አይገኝም። ትነቅላለች፣ ጥጥ ታስነክሳለች፣ «ቀጣይ» ትላለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ክንዷን ማንሳት ያቅታታል።

የልጆቹ ይብሳል። ምህረት የምትባል የደጋ ልጅ፣ ገና ዘጠኝ ዓመቷ፣ ለሦስተኛ ጊዜ መንጋጋዋ ሲነቀል እንኳ አላለቀሰችም። «ሌሎቹም ይነቀላሉ?» ብላ ብቻ ጠየቀች፤ ገበያ መቼ እንደሆነ የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው። ይታየሽ ጥጡን አስነከሰቻት። ሥራው ያንገሸገሻት ያን ቀን ነው።

በምህረት መንደር የቦኖ ውሃ ውስጥ ጥርስን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ እምብዛም የለም። ይህን ነገር እየመጠነ ውሃ ውስጥ የሚጨምር መሣሪያ ለሙከራ ያመጣ ፕሮጀክት እንዳለ ስትሰማ ይታየሽ ደጅ መጥናት ጀመረች። ለምና፣ ተቆጥታ፣ መሣሪያው እዚያው መንደር፣ ከጉብታው ላይ ካለው ሮቶ ጋር እንዲገጠም አደረገች። ሰዉ ውሃውን ከጠጣ መሣሪያው ይቆያል፤ ካልጠጣ ወረፋ ለያዙት ለቆላዎቹ፣ ለኒሯቅ ሰዎች ይሄዳል ተባለ።

መንደርተኛውን ሰብስባ ስታስረዳ አንዷ ሴት ተነሥታ፣ «የናዝሬት ልጆች ጥርስ የሚበልዘው ከዚሁ ነገር አይደለም ወይ?» አለቻት። ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ መልሱ ነው ጉድ ያመጣው።

«እዚያ መሬቱ ራሱ ከልክ በላይ ይጨምርበታል። እንዲያውም በተቃጠለ የከብት አጥንት እያጣሩ ይቀንሱታል። እኛ ጋ የሚገባው ግን ጥቂት ነው» አለች ይታየሽ።

ሰው ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዞ ወደ ቤቱ የገባው አጥንቱን ብቻ ነው። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ! አጥንት የነካው ውሃ ጾም ያስገድፋል ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው ቁልቁል ወደ ድሮው ምንጭ መውረድ ጀመሩ። የቦኖው ጠባቂ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ብቻቸውን ቀሩ።

«እትዬ፣ እርስዎ እንኳ አይጠጡም?» አለቻቸው ይታየሽ።

«ቄስ ምሳው ከጠጡ እጠጣለሁ። ሰዉም የሚያየው እሳቸውን ነው። አንቺማ ስታወሪ ብትውዪ ማን ይሰማሻል?»

ቄስ ምሳው ነገር ማንዛዛት አይወዱም። ይታየሽ ቤታቸው ሄዳ ስትለምናቸው «አጥንት የለበትም አይደል?» አሏት።

«የለበትም አባ። ከድንጋይ የሚወጣ ነው።»

«እንግዲያ ውሃ ነው፤ እጠጣለሁ።» በዚሁ ተለያዩ። መቼና የት እንደሚጠጡ ግን አልተነጋገሩም።

በሚካኤል ዕለት ማለዳ ሰዉ ኪዳን ለማስደረስ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞልቶታል። ይታየሽ ጨጓራዋን ስለሚያማት የንስሐ አባቷ በጠዋት እንድትቀምስ ፈቅደውላታል፤ ያን ቀንም ዳቦዋን በሻይ በልታ ነው የመጣችው። ሆዷ ሞልቶ ነበርና የሌላው ሰው ጾም ከነጭራሹ ትዝ አላላትም። ከቦኖው አንድ ኩባያ አስቀድታ፣ ሕዝቡን ሰንጥቃ፣ ቄሱ ፊት ቆመች።

«አባ፣ ይኸው ውሃው። በሕዝቡ ፊት ይቅመሱልኝ!»

ቄስ ምሳው በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ጠብታ ውሃ አፋቸው አይገባም። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ኩባያውን ተቀብለው በጎናቸው ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት፤ «ሰዓቱ አልደረሰም፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

ከኋላ ጉርምርምታው ተነሣ፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኸምጣንጋ። «አላልኩሽም? ቄሱን ሳይቀር ጾም ልታስገድፋቸው!» ስትል አንዷን ሰማቻት። ይታየሽ ፊቷ ጋለ። ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ጎትታ ከግቢው ወጣች።

ከአጥሩ ውጭ ለፕሮጀክቱ ሰው ለኤርምያስ ደወለች።

«በቃ አይጠጡም። ለኒሯቅ ስጡት።»

«እርግጠኛ ነሽ? ትንሽ ቀን ብንሰጣቸውስ?»

«ደክሞኛል ኤርምያስ። ንቀሉልኝ።»

ሰዉ ቅዳሴ ላይ ሳለ መኪናው መጣ። መሣሪያውን ፈትተው ጫኑት፤ የሮቶውን ውሃ ደፍተው እንደ ድሮው ምንም ሳይጨመርበት እንዲሞላ ለቀቁት። እነሱ በዚያው ወደ ኒሯቅ ወረዱ። ይታየሽ ወደ ሰቆጣ የምትመለስበትን ሚኒባስ ለመጠበቅ ቦኖው አጠገብ ተቀመጠች። ንዴቷ እንኳ ለቋት ነበር። መተኛት ብቻ ነው የፈለገችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴው ወጣ። ቄስ ምሳው ያንኑ የማለዳ ኩባያ ይዘው፣ ሕዝቡን ሁሉ አስከትለው ወደ ቦኖው መጡ።

«ልጄ፣ ጠዋት ሰው ፊት አሳፈርኩሽ። ሰዓቱ ነው የከለከለኝ እንጂ ቃሌን አላጠፍኩም። ቅዱልኝ።»

ይታየሽ «አባ…» ብላ ብድግ አለች። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ከፍተው ቀዱ። ቄሱ አማትበው፣ ቀስ እያሉ እስከ መጨረሻው ጠጡ።

«አጥንት የለበትም፤ ጠይቄያለሁ። ለልጆቻችሁ ጥርስ ነውና ጠጡ!» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው።

ቀጥለው ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ጠጡ። ከዚያ ሴቶቹ ተራ ያዙ፤ ጀሪካን ፍለጋ ወደ ቤት የሮጡም ነበሩ። ይታየሽ ፈቀቅ ብላ ለኤርምያስ ደወለች።

«መልሱት! እየጠጡ ነው፣ ሁሉም እየጠጡ ነው!»

«ለኒሯቅ ሰዎች እኮ ነግረናቸዋል። መንገድ ላይ ወጥተው ተቀብለውናል። አሁን ምን ብዬ ልዙር?»

ስልኩን ዘግታ ስትመለስ ምህረት ኩባያ በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀቻት። አገጯ ርሷል።

«ጠጣሁ እኮ! የቀሩት አይነቀሉም፣ አይደል?»

ይታየሽ ልጅቷን ማየት አልቻለችም። ወደ ቄሱ ዞረች።

«አባ፣ ያ ነገር ውሃው ውስጥ የለም። እናንተ ቅዳሴ ላይ ሳላችሁ እኔ መሣሪያውን አስነቀልኩት። እስከ ዘጠኝ መጠበቅ አቃተኝ።»

ቄስ ምሳው ባዶ ኩባያቸውን ትክ ብለው አዩት። ምህረት ግን አልሰማችም፤ ሁለተኛውን እያስቀዳች ነበር።