ሰልፉ ሳይነሳ

«ራዲዮኑን የዘጋው ማነው?» አሉ ወይዘሮ ብራይድ፣ ክዳኑ ከተከፈተው የልጃቸው የሬሳ ሣጥን ራስጌ እንደተቀመጡ።

የዘጋው ክላይድ ነበር። የሻይ ስኒውን እንደያዘ ዞረ። «ለቀስተኛው እንዳይረበሽ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«የምን መረበሽ? ልጄ የሠራበት ጣቢያ ስለ እሱ ሊናገር! ጎረቤቱ ሁሉ ይህን ሊሰማ አይደል የመጣው?»

«እኔስ ለሳንድዊቹም ነው» አለ ጎረቤታቸው ኔድ እያላመጠ። ለቀስተኛው ፈገግ አለ።

ጠዋት ከጣቢያው ዶሪን ለክላይድ ደውላለት ነበር። ዘንድሮ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን የፕራይድ ሰልፍ በሟቹ በሴልቢ ፋንታ የምታስተላልፈው እሷ ናት። «ሰልፉ ሳይነሳ ስሙን እጠራለሁ። ያንተንም፣ የትዳር ጓደኛው ብዬ» አለችው። አይሆንም ሳይላት መስመሩ ተቋረጠ፤ ደጋግሞ ቢደውል ማን ያንሳ። በዚህ ቤት እሱ የሚታወቀው የሴልቢ ደባል ተብሎ ነው። ነገ ሣጥኑን ከሚሸከሙት አንዱ እንዲሆን የተፈቀደለትም በደባልነቱ ነው።

ሴልቢ ሰልፉን ማስተላለፍ የጀመረው፣ ሌሎቹ ጣቢያዎች ወሬውን እንኳ አንነካም ባሉበት ዘመን ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሰልፈኛ እፍኝ የማይሞላ ነበር። ማይክሮፎኑን ወደ ጫማቸው ዝቅ አድርጎ ኮቴያቸውን የሠራዊት አስመሰለው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከፊት በምትሄደው የጣቢያው መኪና ላይ ሆኖ በካናዳዋ በኒውፋውንድላንድ ጉም ውስጥ ያወራ ነበር፤ ወርዶ ግን አንድም ቀን ከክላይድ ጎን አልተራመደም። «እናቴ በየቀኑ ትሰማኛለች» ይል ነበር። «ከሰልፈኛው ጋር ካላየችኝ መስማቷን አትተውም።»

ወይዘሮ ብራይድ ወደ ራዲዮኑ ሊሄዱ ተነሱ።

«እማማ፣» አለ ክላይድ በሹክሹክታ፣ «ከራዲዮ ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል። እኔና ሴልቢ ደባሎች አልነበርንም። ተጋብተን ነበር።»

አሮጊቷ ተመልሰው ቁጭ አሉ።

«ጣቢያው ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ለከተማው ሁሉ ሲለፈልፍ ኖሮ ለእኔ አንዲት ቃል አጣ?»

«እርስዎን እንዳያጣ ፈርቶ ነው።»

«ይኸው፣ እኔ አጣሁት።»

ከዚያ ራሳቸው ሄደው ራዲዮኑን ከፈቱት። ዶሪን የሁለቱን ስም ጠራች፤ ከኋላዋ ሕዝቡ አጨበጨበ። ኔድ ማላመጡን አቆመ። ክላይድ ዓይኑን ወደ በሩ ጣለ።

«ምን ያስፈጥጥሃል፣ ኔድ? ሻይህ ይቀዘቅዛል» አሉ ወይዘሮ ብራይድ። ወደ ክላይድ ዞረውም ቆጣ አሉ። «አንተስ፣ ከትናንት ጀምሮ የልጄን አንገት አንገቱን የምታየው ምን ሆነህ ነው?»

«የሸሚዙን ቁልፍ… እስከ ላይ ቆልፈውበታል። ሲናገር ይከፍተው ነበር። እንዲህ ታንቆ አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ክላይድ ስኒውን አስቀምጦ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ አለ። ቀዳዳው ጠባብ ነበር፤ ጣቶቹም እምቢ አሉት። ወይዘሮ ብራይድ ኮሌታውን በሁለት እጃቸው ያዙለት።