አቧራ የሌለው ሶኬት

"አሁንስ?"

"ሞተዋል።"

"አሁንስ?"

"ኧረ እትዬ፣ ሞተዋል አልኩሽ እኮ! ሬሳ ስንቴ ነው የሚጠየቀው?"

እትዬ ሚኒባሱ ወለል ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ እግሮቿን በሹፌሩ በር ወደ ውጭ አውጥታ፣ ጭንቅላቷን ዳሽቦርዱ ሥር ቀብራለች። የእጅ ባትሪውን በአገጯና በትከሻዋ መሀል ቆንጥጣ ይዛዋለች። ታናሽ ወንድሟ ጎን ካለው ወንበር ላይ ተመቻችቶ በአንድ እጁ ስልኩን ይነካካል፣ በሌላው ቁልፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እሑድ ከሰዓት ነው። ግቢው ጭር ብሏል፤ እናታቸው በረንዳው ላይ ልብስ ያጥፋሉ።

የነዳጁ ጌጅ፣ የሙቀቱ ጌጅ፣ የፍጥነቱ፣ ሁሉም ቀስቶች ተኝተዋል። ለይቶላቸው ቢሞቱ እኮ እሰየው ነበር፤ ለይቶለት የሞተ ነገር ተፈልጎ ይገኛል። እነዚህ ግን ረቡዕ ደህና ውለው ሐሙስ ይተኛሉ። መንገድ ላይ ጉድጓድ ሲመታቸው ብድግ ይላሉ፣ ልክ ትምህርት ቤቱ በር ጋ ሲደርሱ ደግሞ ክልትው። የትምህርት ቤቱ የትራንስፖርት ኃላፊ፣ ቀልድ የማያውቁ ሴትዮ፣ አርብ ዕለት ቁርጡን ተናግረዋል፦ "ልጆች ተጭነው ጌጁ አንዴ ከጠፋ ሁለተኛ እዚህ በር እንዳትመጡ።" ስለዚህ ነገ ጠዋት ከመድረሱ በፊት በሽታው መገኘት አለበት። ካልተገኘ የሁለቱም እንጀራ ገደል ገባ ማለት ነው።

ሚኒባሱ ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የእሱ ነው። እሱ ይነዳል፣ ጥገናው የእሷ ነው። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናት፤ ያውም ጋራዡ ውስጥ አስቸጋሪ ሽቦ ሲመጣ "ለእሷ ስጧት" የሚባልላት። ሲገዙት ስምምነታቸው አንድ ነበር፦ ሞተሩ አርጅቷል፣ ስለዚህ ተማሪ ከማመላለስ ሌላ ሥራ የለም፣ ቅዳሜና እሑድ ይቆማል። እሷ ከባሏ ጋር ሌላ ሰፈር ስለምትኖር መኪናው የሚያድረው እዚህ እናቷ ግቢ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች። "እማዬ፣ መኪናው እንዴት ነው?" ስትል፣ "ቆሟል ልጄ፣ በመስኮት እያየሁት ነው" ይሏታል።

ወር ሙሉ ከሥራ መልስ እየመጣች ያልፈተሸችው የለም። ፊውዞቹን ቀያይራለች። የመሬት ሽቦውን ፈትታ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽታ፣ መልሳ አጥብቃዋለች። ሰኞ ሰኞ አልነሳ ሲል ባትሪውንም በአዲስ ለውጣዋለች። ያልነካችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጌጆቹ ጀርባ የሚሰካውን ትልቁን ሶኬት። እሱን ዓመቱ ሲጀመር በገዛ እጇ አዲስ አድርጋ የገጠመችው ስለሆነ አልጠረጠረችውም። ሰሞኑን ግን ጥርጣሬ ገብቷታል። ወንድሟ ነው ያስገባባት።

"እትዬ፣ አልቀየምሽም አይደል? ምናልባት ያኔ ስትገጥሚው እጅሽ ሳይስት አልቀረም" ብሏት ነበር፣ በጣም አዝኖላት።

ጋራዥ ውስጥም ወሬው ደርሶ መሳቂያ ሆናለች። "ዶክተር፣ በሽተኛሽ እንዴት አደረ?" ይሏታል ገና በሩን ስትገባ። "ከሆስፒታል አውጥተሽ ጠበል ውሰጂው!" እሷም አብራ ትስቃለች፤ ማታ ግን እጇን ዘርግታ ታየዋለች፣ እውነት ከዳኝ እንዴ ብላ።

"እሺ፣ ልፈታው ነው" አለች ተነስታ። "ካቻቢቴውን አቀብለኝ።"

"ምኑን?" ስልኩን አስቀመጠ።

"ሙሉውን ጌጅ። ጀርባውን ልየው።"

"ኧረ ተይው! አንቺ ራስሽ የሠራሽው አይደል? የመሬት ሽቦውን አንዴ ብናየው…"

"አቀብለኝ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?"

አቀበላት። ብሎኖቹ ሳይታገሏት ወጡ። የዚህ ዓይነት አሮጌ ብሎን እኮ ዘይት ጠጥቶ፣ ተሰድቦ፣ ተለምኖ ነው የሚወጣው፤ እነዚህ ግን እንደ ቅቤ ተንሸራተቱ። ጌጁን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ በእጅ ባትሪው አበራችበት።

ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ሁሉ የዓመታት አቧራ ለብሷል። ሽቦው፣ ቱቦው፣ ብረቱ፣ ሁሉም ግራጫ ነው። ሶኬቱ ብቻ እንደ በር እጀታ ያብረቀርቃል። መቆለፊያ ጥርሱ ተሰብሯል። ጎኑ ላይ ደግሞ የካቻቢቴ ጭረት አለ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ፣ አንዳንዱ ገና ነጭ የሆነ። ውስጡን አየችው። የሚነክሱት ትንንሽ የብረት አፎች ተከፋፍተዋል። ሶኬት ባንዴ እንዲህ አይሆንም። ሲነቀል ሲሰካ፣ ሲነቀል ሲሰካ ነው አፉ እንዲህ የሚላላው።

ቆማ ቀረች። ይሄ ሶኬት ሲነቀል እኮ ጌጆቹ ብቻ አይደሉም የሚሞቱት፣ ኪሎ ሜትሩም አይቆጥርም። ዲናሞውም ባትሪውን በወጉ አይሞላም። ሰኞ ሰኞ… ዘይት የምትቀይረው ኪሎ ሜትሩን እያየች ነው። ከዚህ ቤት ኪሎ ሜትሩን የሚያይ ሌላ ሰው የለም። ከእሷ ከራሷ ነው የተደበቀው።

"ማነው ይሄን የነካው?"

"ማን ይነካዋል? አንቺ ነሽ እንጂ።"

"እኔ አንዴ ነው የነካሁት።"

"እማዬ ትሙት አልነካሁም!"

"ኧረ እኔን አትግደለኝ!" አሉ እናትየው ከበረንዳው። እንደ ቀልድ ነው ያሉት፣ ግን ልብሱን ማጠፍ አቁመዋል።

እትዬ ወረደች፣ ዞረች፣ ኮፈኑን ከፈተች። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛ በጨርቅ ላይ ጠረገችው። በቅርቡ የቀየረችው ዘይት ሬንጅ መስሏል። የራዲያተሩን ክዳን ፈታች፤ ውሃው ጎድሏል፣ ላዩ ላይ ዘይት ይንሳፈፋል። ከዚህ በኋላ መጠየቅ አላስፈለጋትም፣ ግን ጠየቀችው።

"የት ነው የምትወስደው?"

መሬት መሬት አየ። "ሽንኩርት ነው" አለ በመጨረሻ። "ከገጠር። ቅዳሜ ሄጄ እሑድ እመለሳለሁ። በየሳምንቱ አይደለም ደግሞ።"

"ልጆቹ መኪናው ሸተተን ሲሉ የእማዬ ዘንቢል ነው አልከኝ።"

"እትዬ…"

"ዳገት ቁልቁለቱን፣ ሽንኩርት ጭነህ፣ የሙቀት ጌጅ ሳይኖርህ? ሲነድ በምን ልታውቅ ነበር?"

"በሽታው! ሽታው ያስታውቃል እኮ።" ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አላዋጣውም።

"ወር ሙሉ እዚህ ሥር ስተኛ እያየኸኝ። ቁልፍ እየከፈትክ እየዘጋህልኝ። እጅሽ ሳይስት አልቀረም እያልከኝ!"

እናትየው ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጡ። በእጃቸው ግማሽ የታጠፈ ሸሚዝ ይዘዋል፤ የእሱ ሸሚዝ ነው።

"በቃ ልጄ፣ አትጩሂበት። እኔ ነኝ አትንገራት ያልኩት።"

እትዬ ቀስ ብላ ዞረች። እስካሁን የተናደደችው በአንድ ሰው ብቻ ነበር።

"በመስኮት እያየሁት ነው ሲሉኝ የነበረውስ?"

"ታዲያ ምን ልበል? አንቺ ቤት ሠርተሻል፣ ባል አለሽ። እሱ ወንድ ልጅ ነው፣ እስከ መቼ በእህቱ ፈቃድ ይኖራል? ትንሽ ራሱን ይቻል ብዬ ነው። ሶኬት ነቅሎ መሰካት ምን ይጎዳል አልኩ።"

"እርስዎም ስለ ሶኬቱ ያውቁ ነበር?"

እናትየው ሸሚዙን እንደገና ማጠፍ ጀመሩ።

እትዬ ወደ ወንበሩ ተመለሰች። ሲያዩዋት የምታለቅስ ትመስላለች፣ ግን አላለቀሰችም፤ ቀጭን መርፌ አውጥታ የተከፋፈቱትን አፎች አንድ በአንድ ታጠብቅ ጀመር። እጇ አንዴም አልሳተም። በተሰበረው ጥርስ ፋንታ ሶኬቱን በፕላስቲክ ማሠሪያ አሠረችው፣ ጌጁን መልሳ ገጠመች፣ ሞተሩን አስነሳች። ቀስቶቹ ሁሉ ብድግ አሉ። ዳሽቦርዱን በመዳፏ ደበደበችው፤ ንቅንቅ አላሉም።

"ይኸው!" አለ ወንድሟ፣ ነፍሱ መለስ ብላ። "እትዬ እኮ እጅሽ ወርቅ ነው! ነገ እንሠራለን። ሁለተኛ አይለምደኝም፣ በቃ።"

"ቁጭ በልና እይ።"

መኪናው እንደቆመ ሞተሩ ይሠራል። የሙቀቱ ቀስት ሄደ፣ ሄደ፣ መሀል ላይ ይቆማል ሲሉት አልፎ ቀዩን ነካ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። ቁልፉን ዘግታ ነቀለችው፣ ስልኳን አወጣች።

"ለማን ነው የምትደውይው?"

"ለትምህርት ቤቱ።"

"አበድሽ እንዴ! ማታ ውሃ እንሞላዋለን። ነገን ብቻ እንለፍ፣ ከዚያ ቀስ ብለን እናሠራዋለን። እትዬ፣ እለምንሻለሁ!"

"ልጄ፣ ወንድምሽን ለባዳ አሳልፈሽ ልትሰጪው ነው?" አሉ እናትየው።

ስልኩ ተነሳ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ? የሚኒባሱ ጉዳይ ነበር።"

"እህ፣ ጌጁ ተሠራ?" አሉ ኃላፊዋ።

"ተሠርቷል። ስለተሠራ ነው የደወልኩት። ሞተሩ ተጎድቷል፣ ነገ ልጆቹን መጫን የለበትም።"

"ነገ? በአንድ ሌሊት ሌላ መኪና ከየት ላምጣ? ነግሬያችኋለሁ እኮ፣ አንዴ ሌላ መኪና ከያዝኩ አልመልሳችሁም። ወንድምሽ ያውቃል?"

ወንድሟ ሁለት እጁን አጋጥሞ ይለምናታል። እናቷ አያዩዋትም።

"ያውቃል" አለች። "ሌላ መኪና ይፈልጉ።"