ላልቶ የሚናገረው ማሽን

ዘይኑ ከሶፋው ተነሳ፣ ላፕቶፑን አየ፣ ተቀመጠ። ወዲያው ደግሞ ተነሳ። ላፕቶፑ እንደሆነ ያው ነው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ትሯሯጣለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ከግራ ትመጣለች። ዙሁር ተሰግዶ እንግዳ ሊገባ ነው። አንድ ልጁ ዛህራ ዛሬ ልትዳር፣ ኒካዋ እዚሁ የስደት ሰፈራቸው ሬክስዴል፣ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ሊታሰር፣ አባትየው መስመር ስትሯሯጥ ቆሞ ያያል። «ኧረ ተነሺ አንቺ ዕቃ!» አለ በአፉ። በአፉ ብቻ ነው ታዲያ። ድምፅ የለውም።

ድምፁን ሐኪሞች ናቸው የወሰዱት። ዛህራ ሃይስኩል እያለች የጉሮሮ ካንሰር ያዘውና፣ አንገቱን ከፍተው ድምፅ የሚወጣበትን ነገር ሁሉ አንስተው ነፍሱን አተረፉለት። ከዚያ ወዲህ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ ባለች ቀዳዳ ነው፤ በስስ ጨርቅ ይሸፍናታል። አንገት ላይ እየተደገነ የሚያናግር መሣሪያም ሰጥተውት ነበር፤ እንደ ንብ ጢዝ ሲልበት ጊዜ ቁም ሳጥን ውስጥ ወርውሮታል። ይሄ ሁሉ የደረሰው ደግሞ በማን ላይ መሰላችሁ? በዘይኑ! የኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ፣ ተራ በሚጠበቅበት ፓርኪንግ ውስጥ ሾፌሩን ሁሉ ሆዱን አስይዞ የሚያስቅ፣ ስልክ ካነሳ የማይዘጋ ሰው ነበር እኮ። ስንት ዝምተኛ ሞልቶ ሳለ!

ላፕቶፑ የመጣው ያኔ ነው። ከላያቸው ፎቅ ላይ ፍራኦል የሚባል የኮሌጅ ተማሪ ይኖር ነበር። ከኦፕሬሽኑ በፊት ላፕቶፕና ማይክ ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ፊደሉን ከሀ ጀምረው አንድ በአንድ በራስዎ ድምፅ ያንብቡልኝ፤ የቀረውን ለኔ ይተዉት» አለ። ዘይኑ አነበበ። ማይኩን ዛህራ ያዘች። ፍራኦል እያንዳንዷን ፊደል ለየብቻ ቆርጦ ፕሮግራም ሠራላቸው። ዘይኑ «ውሃ» ብሎ ከጻፈ፣ ማሽኑ «ው»ን እና «ሃ»ን ካሉበት አውጥቶ ይገጣጥማቸዋል። ይዘገያል፤ ፊደል ገና የሚቆጥር ሕፃን ነው የሚመስለው። ቢሆንም ድምፁ የዘይኑ ነው፤ የማንም አይደለም።

ችግሩ፣ ላፕቶፑ ያኔውኑ አሮጌ ነበር። ኤክስፒ የሚባለው የድሮ ዊንዶውስ ነው ያለበት። ፍራኦል ካልጋሪ የሚባል ሩቅ ከተማ ገብቶ ትዳር ያዘ፤ ሲደወልለት «ጋሼ፣ የሠራሁበት ፋይል ሁሉ ጠፍቶብኛል» ይላል። ፕሮግራሙን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲጭኑት ብልጭ ይልና ድርግም። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ከግድግዳው ከተነቀለ አለቀ። ቫይረስ ይጨርሰዋል ተብሎ ኢንተርኔት እንዳይነካ ተከልክሏል። የመጣ እንግዳ ሁሉ «ይሄን ዕቃ ዛሬም አልጣልከውም?» ሳይል አይወጣም። ያን ጊዜ የዘይኑ ደም ይፈላል። ምላስህን ለምን አልጣልከውም ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አለ እንዴ?

ሙሽራው ኢስሀቅ ራሱ ከነዚህ አንዱ ነው። ኖርዝ ዮርክ አንድ ኦፊስ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች የሚቆጣጠር፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ በጨዋነቱ ዘይኑም ነገር የለውም። ግን መጥቶ ምን አደረገ? የዘይኑ ስልክ ላይ ጽሑፍ የሚያነብ አዲስ ነገር ጫነ። ስልኩ ፈጣን ነው፤ የሚጠብቀውን አጥብቆ፣ የሚላላውን አላልቶ፣ ጥርት አድርጎ ይናገራል። ዘይኑ ሊሞክረው «በድሪያ፣ ሻይ ስጪኝ» ብሎ ጻፈ። ስልኩ በዜና አንባቢ ድምፅ ሚስቱን ሻይ አዘዛት። በድሪያ በሳቅ ፈረሰች፤ ዘይኑ ግን ሌላ ወንድ ቤቱ የገባ ነው የመሰለው። ስልኩን ዘግቶ ሻዩን ራሱ ቀዳ።

በድሪያ ደግሞ ከሽምግልናው ቀን ጀምሮ ማሽኑን ዓይኗ እንዲያየው አትፈልግም። እውነቷን ነው። የኢስሀቅ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው፣ ሰዎቹ እዚሁ ሳሎን ተደርድረው፣ «እንግዲህ ስለ ልጃችን ምን ትላለህ ዘይኑ?» ብለው ጠየቁ። ዘይኑ አንድ ሁለት ቃል ቢጽፍ የላፕቶፑ ድምፅ አልወጣ አለ። ይሄንኑ ሊነግራቸው «አይሰማም» ብሎ ጻፈና ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተው። አጥብቆ ማለቱ ነበር፤ ድምፁ አይሰማም። ማሽኑ ማጥበቅ የት ያውቅና! ፍራኦል ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲያስነብበው ማን አጥብቆ አነበበ? ላልቶ፣ ቤቱን ሞልቶ፣ «አይሰማም» አለላቸው፤ ምክር አይሰማም፣ ሰው አይሰማም እንደሚባለው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ልጃችን የማንን ምክር ነው አልሰማም ያለው?» ብለው ኮታቸውን አነሱ። በድሪያ በር ላይ ቆማ ስታስረዳቸው ላብ አጠመቃት።

«ዛሬ ይሄ ነገር አይከፈትም ብዬሃለሁ!» አለች አሁን፣ የሳምቡሳውን ሳህን ይዛ ከኪችን ወጥታ። «በስልኩ ትናገራለህ፣ በቃ።»

ዘይኑ ራሱን ነቀነቀ። «በራሴ ድምፅ» አለ በከንፈሩ። በድሪያ ከንፈሩን ታነባለች፤ ማንበብ ብቻ መቼ፣ ሳይጨርስ ትመልስለታለች።

«የራስህ ድምፅ ልጄን ሳትዳር ያስቀርብኛል! ሼህ አብዱልቃድር እኮ ነግረውሃል። ሰው እስከገባው ድረስ በጽሑፍም ሆነ በምልክት ይበቃል ብለዋል። ማሽን ማሽን የምትለው አንተ ነህ!»

ምልክት! አንድ ልጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ በእጁ ሊድራት? አንዲት ነገር እኮ ናት፤ «ልጄን ዛህራን ድሬልሃለሁ»። ይቺን በራሱ ድምፅ ካልተናገረ ያ ሁሉ ፊደል ለምን ተነበበ? ሳሎኑን ከዳር ዳር ተመላለሰ። መስኮቱን ከፈተ፤ ዘጋ። የተደረደረውን ወንበር ያለ ምክንያት አንዱን ከአንዱ አራቀ፣ መልሶ አስጠጋ። ያን ጊዜ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ነጭ ጽሑፍ ሞላበት፤ ከዚያም ጭራሽ ጠፋ። ዘይኑ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

በሩ ተንኳኳ። ኢስሀቅ ነው፤ ጀለቢያው ላይ ኮት ደርቦ፣ ከእንግዳው ሁሉ ቀድሞ መጥቷል። ላፕቶፑን አየ፣ ዘይኑን አየ።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ልየው?»

ዘይኑ እጁን ዘርግቶ እንደ በረኛ ፊቱ ቆመ።

«አልጥለውም ወላሂ!» አለ ኢስሀቅ እየሳቀ። «እኛ ኦፊስ ውስጥም እንዲህ ያለ አንድ አለ። የኦፊሱን በሮች የሚከፍተውን ካርድ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በየዓመቱ አዲስ እንገዛለን ይባላል፤ እሱን የሚነካ ደፋር ግን ጠፋ። ‹እንዳትነኩኝ› ብለን ለጥፈንበታል። እኔ ራሴ በአጠገቡ ሳልፍ ቀስ ብዬ ነው።»

ዘይኑ ገለል አለለት። ልጁ ለልብሱ ሳይሳሳ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። ከሥር ያለውን ክዳን ፈትቶ አቧራውን እፍ አለ፣ ከውስጥ አንዲት ስስ ነገር ነቅሎ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ገፋት። አበራው። መስመሯ ሮጠች፣ ሮጠች፤ ዘይኑ ከላዩ ጎንበስ ብሎ እግሩን ያወዛውዛል። በመጨረሻ ያ የለመደው አረንጓዴ መስክና ሰማይ ስክሪኑ ላይ ወለል አለ። ዘይኑ የልጁን ግንባር ሊስም ትንሽ ነው የቀረው።

ቁጭ ብሎ ጻፈ። ማሽኑም «ል፣ ጄ፣ ን፤ ዛ፣ ህ፣ ራ፣ ን፤ ድ፣ ሬ፣ ል፣ ሃ፣ ለ፣ ሁ» አለ። አንድም ፊደል አልጎደለም! ዘይኑ ወደ በድሪያ ዞሮ ደረቱን ነፋ።

የመኝታ ቤቱ በር ተበርግዶ ዛህራ ወጣች። አንድ ዓይኗ ተኩሏል፣ ሌላው ገና ነው፤ ጸጉሯ በፒን ተይዟል። ሙሽራው ማየት የለበትም ብሎ የሚከለክላት ሳይደርስባት ሳሎኑ መሀል ቆመች።

«አባ፣ ፕሊስ። በሱ አይደለም።»

«አንቺም?» አለ ዘይኑ በከንፈሩ። «አንቺም ስልኩን ወደድሽ?»

«ስልኩንም አልፈልግም! ስልኩ ማነው እኔን የሚድረኝ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «አባ፣ ማይኩን የያዝኩት እኔ እኮ ነኝ። በማግስቱ ኦፕሬሽን ነበረህ። ‹መ› ጋ ስትደርስ ድምፅህ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፍራኦል እንዳይነቃብህ ሳል አስመሰልከው፣ ውሃ ጠጣህ፣ ቀጠልክ። እስከ መጨረሻው ድረስ እየፈራህ ነው ያነበብከው፤ እያንዳንዷን ፊደል። ይሄ ማሽን ባወራ ቁጥር እኔ የምሰማው እሱን ነው። ሻይ ስጪኝ ሲል እንኳን ይፈራል። ሲሪየስሊ አባ፣ ዛሬ በሱ አትዳረኝ።»

ዘይኑ ተናደደ። ይሄን ሁሉ ዓመት አፍና ይዛ ዛሬ? እንግዳ ደረጃ ላይ እያለ? የሚላት ሞልቶታል፤ ጣቱ ግን ሌላ ነገር አደረገ። «መ»ን ብቻ ነካ። ማሽኑ «መ» አለ። ደግሞ ነካው። ደግሞ። እስከ ዛሬ ሲያዳምጥ የኖረው ቃሉ በትክክል መውጣቱን ነበር እንጂ ድምፁን ጆሮ ሰጥቶት አያውቅም። ፊደሏ መጨረሻዋ ላይ ትንሽ ትሰበራለች፤ ትንፋሽ አጥሯት ትቀራለች። እውነትም ይፈራል። ቤቱ ሁሉ ሲሰማ የኖረውን እሱ ብቻ አልሰማም።

አፈረ። ቀጥሎ ደግሞ ማፈሩን ትቶ ለዚያ ያኔ ፊደል ላነበበው ሰውዬ አዘነለት፤ ልጁ ፊት እንዳያለቅስ ውሃ ሲጠጣ ታየው።

«ታዲያ በምን ልዳርሽ?» አለ በከንፈሩ።

«በአፍህ!» አለች ዛህራ። «እኔና እማ ይሄን ሁሉ ዓመት የሰማንህ በምን ሆነና?»

በድሪያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ልጅቷን ወደ ውስጥ ገፋቻት። «ግቢ፣ ግቢ፣ ያ ኩል ተበላሸ!»

እንግዶቹ ገቡ፤ ሳሎኑ ሞላ። ሼህ አብዱልቃድር መሀል ተቀመጡ፤ ምስክሮቹ በግራና በቀኝ። ዛህራን ፈቃዷን ጠይቀው ሲጨርሱ ወደ ዘይኑ ዞሩ። ሁሉም አንገቱን ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ላፕቶፑ መለሰ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ያለፈው ትዝ ብሎት ከወዲሁ ተቁነጠነጠ። ዘይኑ ላፕቶፑን አልነካም፤ ስልኩንም ከኪሱ አላወጣም። የኢስሀቅን ቀኝ እጅ ያዘ። ልቡ ከአንገቱ ቀዳዳ ልትወጣ ደርሳለች። ባይገባውስ? ልጁ እንደ ሞኝ አፍጥጦ ቢቀርስ? በሰው ፊት አፉን እንደ ዓሣ ከፍቶ መዝጋቱ ነው እኮ! በቃ፣ የመጣው ይምጣ ብሎ ከንፈሩን ከፈተ።

ልጄን። ዛህራን። ድሬልሃለሁ።

ሼሁ ምን አለ ብለው ለመጠየቅ ወደ በድሪያ ሊዞሩ ሲሉ ኢስሀቅ ቀደማቸው።

«ተቀብያለሁ» አለ ጮክ ብሎ። «ዛህራን ድሬልሃለሁ ብለውኛል። ተቀብያለሁ።»

ለካ ልጁ እዚህ ቤት በመጣ ቁጥር አፍ አፉን የሚያየው ለዚህ ኖሯል! ዘይኑ ደግሞ ምን ያለ ዓይነ ደረቅ ነው እያለ በሆዱ ሲያማው ነበር። ሼሁ ምስክሮቹን «ገብቷችኋል?» ብለው ጠየቁ። «ከዚህ በላይ ምን ይገባናል!» አሉ፤ ያ ሲቁነጠነጥ የነበረው ሽማግሌ እንዲያውም ከሁሉ በላይ ጮኸ። ዱዓው እንዳበቃ ከውስጥ እልልታው ፈነዳ። ዘይኑ አለቀሰ። ሲያለቅስም ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ያየው ሰው ሁሉ ግን አብሮት አለቀሰ።

ምግብ ቀርቦ ሰው ወደ ሳህኑ ሲዞር ኢስሀቅ ጠረጴዛው አጠገብ መጣ። የላፕቶፑ ፋን ያለ ማቋረጥ ይጮኻል፤ የሆነ ሰው እግር ደግሞ ገመዱን ገፍቶት ከግድግዳው ሊወልቅ ትንሽ ነው የቀረው።

«እንግዲህ እናሳርፈው አይደል?» አለ፤ እጁን ወደ ገመዱ ሰደደ። «ጨርሶ ልንቀለው?»

ዘይኑ እጁን ለቀም አድርጎ ያዘው።

«አትንቀለው።»

«ለምን? እኛ እኮ እንሰማዎታለን።»

«ውስጡ የፈራ ሰውዬ አለ» አለ ዘይኑ፣ እያንዳንዷን ፊደል በከንፈሩ ቀስ እያደረገ። «ብቻውን ነው።»

ኢስሀቅ ከዘይኑ አፍ አነበበ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ወደ ግድግዳው ጠበቅ አድርጎ ሰካው።