የያየህ ሰፌድ

«የመጨረሻ ድምፁን የሰማሁት እኔ ነኝ» አለ ዓለምነው፣ ከሐሙሲት ለመጡት ለቀስተኞች። «ከይፋግ ገበያ ደውዬለት ልገዛት ስላሰብኋት ጊደር ዋጋ እያወራን ነው ድንገት ዝም ያለው።»

ትርሲት ይህን ወሬ ከቀብሩ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሰማችው አታውቅም። የባሏ ታናሽ ወንድም አዲስ እንግዳ ድንኳኑ ውስጥ በገባ ቁጥር ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ እንደ ሹመት ነው የሚናገረው። ስልኩ አሁንም እጁ ላይ ነው፤ እያለቀሰ መልእክት ያያል። ነጥቃ ድንጋይ ላይ ልትፈጠፍጠው እጇን በላት።

ከሁሉ በላይ የተናደደችው ግን በሟቹ ባሏ ነው። ያየህ ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ነበረው። ሞተሩ እየሠራ ሩዝ ይጨምራል፣ ደንበኛ ያስተናግዳል፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ወትፎ ያወራል። «አንዱን ጨርስና ሌላውን ያዝ» ስትለው ይስቅባት ነበር። «እጄ ሁለት፣ ጆሮዬ ሁለት፤ ምን ያንሰኛል?» ያን ቀን በርዶት ጋቢ ደርቦ ነበር። ጫፉን የሚሽከረከረው የሞተሩ ቺንጋ ይዞ እሱንም ጎትቶ አስገባው። ልቡ ሥራው ላይ ቢሆን ኖሮ ያየው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ የሚሠራው ሲናደድ ነው። እንደተጋቡ ሰሞን ቁጣው ክፉ ነበር፤ አንዴ የጓዳውን በር ገንጥሎ ጥሎታል። በኋላ የንስሐ አባቱ ምን እንዳሉት እንጃ፣ የአንገቱ ሥር ሲገተር ሰፌድ ሙሉ ሩዝ ይዞ ደጅ መቀመጥ ጀመረ። ስልኩን አጥፍቶ ጠጠሩንና ያልተፈለፈለውን አንድ በአንድ ይለቅማል። ወንድ ሩዝ ይለቅማል ብለው ጎረቤቶች ሳቁበት። እሱ እቴ፣ ቀናም አይል። «ሰፌዱ ንጹሕ ሳይሆን አታናግሪኝ» ይላታል። ሲጨርስ ሊናገር ያሰበው ግማሹ ጠፍቶት ይገኛል።

«እንዲያው ስለ ጊደሯ ሳይነግረኝ…» ዓለምነው ለሌላ ሰው ጀመረ።

ትርሲት ከፍራሹ ተነሳች። ጓዳ ገብታ ሰፌዱን ሩዝ ሞልታ ተመለሰች፤ ድንኳኑ መሃል ተቀመጠችና መልቀም ያዘች።

«ምነው ልጄ?» አሏት ጎረቤቷ እማማ ገላነሽ ጠጋ ብለው። «ሐዘንተኛ በሳልስት ሥራ ይይዛል እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

«ይህን ካልያዝሁ ሌላ ነገር ልይዝ ነው፣ እማማ። ይተዉኝ።»

ያንን ሰፌድ የማያውቅ ጎረቤት የለም። ዓለምነውም ያውቀዋል፤ አፉ ላይ የነበረውን ዋጠ። ስልኩ ጠራ። አየውና አጥፍቶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ እሱም ከዳር መልቀም ጀመረ። እጁን መትታ ልታባርረው ፈለገች፤ ግን ሰፌዱ ገና አላለቀም።

ሊያልቅ ሲል «እታለም» አላት፣ ቀና ሳይል። «‹ቆይ፣ ሞተር ላይ ነኝ› ብሎኝ ነበር። ‹ዋጋውን አንዴ ብቻ ንገረኝ› አልሁት።»

ጣቷ ቆመ። ‹ገዳይ› የሚለው ቃል ጥርሷ ሥር ነበር። ሰፌዱ ላይ አንድ ጠጠር የለም። አሁን መናገር ትችላለች።

ተነስታ ጓዳ ገባች። ከጆንያው ያልተለቀመ ሩዝ ዝቃ መጣችና ንጹሑ ላይ ገለበጠችው። ተቀመጠች፤ እንደገና ከዳር ጀመረች።